የደብተር ወረቀት፣ የጨርቅ ቁራጭና ጭቃ፦ የኮሪያን ዕደ ጥበብ ለባሕር ዳር ልጆች ማስተማሪያ

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ገና ከበሩ ሳይገቡ «ቲቸር፣ ዛሬ ምን እንሳል?» ይሉኛል። «ዛሬ አንስልም፤ ወረቀት እንፈትላለን» ስላቸው ይስቃሉ። ወረቀት እንደ ጥጥ ይፈተላል እንዴ? ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉም ጭናቸው ላይ የደብተር ወረቀት ሲያሽከረክሩ አንገታቸውን ቀና የሚያደርግ አይገኝም።

ይህን የምጽፈው ለአንደኛ ደረጃ መምህራንና ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ሥራ ማስያዝ ለሚፈልጉ ወላጆች ነው። «የኮሪያ ዕደ ጥበብ» ሲባል ብዙ ሰው ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። እዚህ የመረጥኳቸው አብዛኞቹ ሥራዎች የተወለዱት ከቁጠባ ነው። ያረጀ መጽሐፍ ተቀዶና ተፈትሎ ቅርጫት ይሆናል። ከልብስ የተረፈ ቁራጭ ተጋጥሞ የዕቃ መጠቅለያ ይሆናል። ቅል ተፈልፍሎ ፊት ይወጣለታል። ድሪቶና ስፌት ለሚያውቅ ቤት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ልጆቹ ኮሪያን ከምን እንደሚያውቋት መጀመሪያ ጠይቋቸው። ግማሾቹ ከተከታታይ ፊልም ነው የሚያውቋት። አንዳንዱ ደግሞ ከአያቱ ስለ ቃኘው ሻለቃ ሰምቷል። እ.ኤ.አ. በ1951 ወታደሮቻችን ኮሪያ መዝመታቸውን፣ ቹንቾን በምትባል ከተማም መታሰቢያ እንደቆመላቸው ንገሯቸው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። የታሪክ ክፍለ ጊዜ አታድርጉት።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ያለቀ ደብተር፣ ጋዜጣ፣ ካርቶን፣ ከልብስ ሰፊ የተለመነ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ያለቀ የእርጎ ኩባያ፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ቀለምና ትንሽ ዱቄት። መቀስ ለስድስት ልጅ አንድ ከተገኘ ተመስገን ነው። ካልተገኘም ማስመሪያውን ወረቀቱ ላይ ጠበቅ አድርጎ ይዞ መቅደድ ይቻላል። እንዲያውም ለፈትል የተቀደደው ጠርዝ ከተቆረጠው ይሻላል።

ሙጫውን ራሳችሁ ሥሩት። አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፤ ጓጓላ እንዳይቀርበት። አራት ስኒ ውሃ አፍሉና ብጥብጡን ቀስ እያላችሁ ጨምሩበት። እሳቱን ቀንሳችሁ እስኪወፍርና ትንሽ እስኪያንጸባርቅ አማስሉት፤ እንደ ቀጭን አጥሚት ሲሆን አውርዱት። ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ለሁለት ቀን ይቆያል። እኔ አንዴ በክረምት ክዳን ገጥሜ ለሳምንት አስቀመጥኩትና ስከፍተው ክፍሉን ለቀን ወጣን። ማስቲሽ ግን ለትንንሽ ልጆች አትስጡ፤ ሽታው ለጭንቅላት አይሆንም።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፦ የሠራችሁትን ናሙና ደብቁት። መጀመሪያ ባስተማርኩበት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያምር ጭምብል ሳልኩ። አርባ ልጅ አርባ ተመሳሳይ ጭምብል አመጣልኝ። ቅንድቡ ላይ በስህተት ያበዛሁትን መስመር ሳይቀር ገልብጠውታል። ልጆቻችን ከሰሌዳ መገልበጥ በደንብ ተምረዋል፤ ይህንን ትምህርት የሚያስረሳ ክፍለ ጊዜ ነው የምንፈልገው። ስለዚህ እጃችሁ እንዴት እንደሚሠራ አሳዩ። ያለቀውን ሥራ ግን ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ታክጂ

ስሙን ስትጠሩት «ታ»ው ጠንከር ይበል፤ የኮሪያው ድምፅ በ«ታ» እና በ«ጣ» መካከል ነው። ልጆቹ ቶሎ ያገኙታል፤ የሚቸገረው አዋቂ ነው። ታክጂ ከወረቀት የሚታጠፍ ካሬ መጫወቻ ነው። አንዱ መሬት ላይ ያስቀምጣል፤ ሌላው የራሱን ከላይ በኃይል ይወረውርበታል። የመሬቱ ከተገለበጠ ወርዋሪው ይወስደዋል። በቆርኪና በብይ ላደገ ልጅ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

በዚህ የምንጀምረው ስለሚቀል ብቻ አይደለም። ልጁ በትክክል ካላጠፈ መጫወቻው ሜዳ ላይ ይፈታል። እርማቱን ጨዋታው ራሱ ይሰጠዋል፤ እናንተ ዝም ማለት ትችላላችሁ።

1. ሁለት የደብተር ሉክ ውሰዱ። ሁለቱንም እኩል ካሬ አድርጓቸው፤ ለምሳሌ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር። ይህን ደረጃ የዘለለ ልጅ መጨረሻ ላይ ይቸገራል።

2. እያንዳንዱን ካሬ ሦስት እኩል ቦታ ከፍላችሁ እጠፉ። 5 ሴንቲ ሜትር ወርድና 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጠንካራ ጥብጣብ ይሆናል። በጥፍር ደህና አድርጋችሁ ተኩሱት።

3. ጥብጣቡን አግድም አስቀምጡ። በቀኝ ጫፍ የላይኛውን ማዕዘን ወደ ታች፣ በግራ ጫፍ የታችኛውን ማዕዘን ወደ ላይ እጠፉ። ሁለቱም ጫፍ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ሁለተኛውንም ጥብጣብ ልክ እንደዚሁ እጠፉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መንታ መምሰል አለባቸው።

4. አንዱን ሌላው ላይ በመስቀል ቅርጽ አስቀምጡ። የታጠፉት ጫፎች ሁሉ ወደ ላይ ይሁኑ። አንዱ ከተገለበጠ አይገጥምም። ከክፍሉ ሩቡ ልጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ አትደንግጡ።

5. አራቱን ሦስት ማዕዘኖች በዙር ወደ መሃል እጠፉ፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው ላይ ይረፍ። የመጨረሻውን ግን ከመጀመሪያው ሥር አስገቡት። ያለ ሙጫ ይቆለፋል።

አሁን «ይህን የእናንተ አድርጉት» በሏቸው። አንዱ ቀለም ይቀባዋል። አንዱ ጠንካራ እንዲሆን ካርቶን ይከትበታል። ሌላው አሳ ይስልበታል፤ አምባዛ የሳለችው ልጅ አምባዛዋን ተሸንፋ ስታጣ ያለቀሰችውን አልረሳም። ከዚያ ሜዳ ላይ ልቀቋቸው። «ወፍራም ነው ወይስ ሰፊ የሚያሸንፈው?» ብላችሁ ጠይቁና ሞክረው ይንገሯችሁ።

ወረቀት መፍተል

ይህ የምወደው ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ረዘም ብል ይቅርታ።

ኮሪያውያን ሃንጂ የሚሉት ባህላዊ ወረቀት አላቸው። ከአንድ የእንጆሪ ዘር ከሆነ ዛፍ ልጥ ይሠራል። ቃጫው ረጅም ስለሆነ በቀላሉ አይበጠስም። እኛ ለመጽሐፍ ብራና ስንፍቅ እነሱ ልጥ ይቀቅሉ ነበር ማለት ነው። መጽሐፉ ሲያረጅ ወረቀቱ አይጣልም። በቀጭኑ ተቀዶ ይፈተላል፤ ፈትሉ እንደ ስፌት ይጠላለፋል፤ ሳጥን፣ ትሪ፣ ጎድጓዳ ሳህን ይሆናል። ሙያው ጂሰንግ ይባላል። ከዛፍ በሚወጣ ፈሳሽ በተሠራ ማንጸባረቂያ ሲቀባ ውሃ ሳይቀር ይይዛል።

ይህን ስነግራቸው የሐይቅ ዳር ልጆች ወዲያው ታንኳን ያነሳሉ። ደንገልም በአንድ ዘለላው ምንም አያደርግም፤ ታስሮ ነው ሰው የሚያሻግረው። እንግዲህ ትምህርቱ ራሱ መጣላችሁ ማለት ነው፦ ደካማ ነገር እንዴት ይጠነክራል? ከቻላችሁ በዚህ ቀን ደንገል የሚሠራ ሰው ከሐይቁ ዳር ጋብዙ። በደንገል ሥራ ከሚታወቀው ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ወላጅ ያለው ልጅ ክፍሉ ውስጥ ካለ፣ አባቱ ወይም እናቱ መጥተው አንድ ጊዜ ቢያሳዩ የዚያን ልጅ ፊት ማየት ነው። የቀን ሥራቸውን ትተው ነው የሚመጡትና ክፈሏቸው። «ለልጆች ስለሆነ በነጻ» የሚለውን ነገር አልወደውም።

ወደ ሥራው። መጀመሪያ የወረቀቱን አቅጣጫ ፈልጉ። አንድ ሉክ በቁመቱ፣ ሌላ ሉክ በወርዱ ቅደዱ። አንደኛው ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፣ ሌላው ይንሻፈፋል። ቀጥ ያለው ቃጫው የተኛበት ነው። በዚያ አቅጣጫ 2 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያላቸውን ጥብጣቦች ቅደዱ። ጋዜጣ ለትንንሽ ጣቶች ከደብተር ይቀላል፣ ግን እጅ ያጠቁራል። ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ እናቶች ግን አይደሰቱም።

ጣታችሁን በእርጥብ ጨርቅ ነካ አድርጉ። እርጥብ እንጂ ውሃ አይሁን፤ ወረቀቱ ከራሰ ይበጠሳል። ከአንድ ማዕዘን ጀምራችሁ ጥብጣቡን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አክርሩት። ትንሽ ሲሄድ ጭን ላይ አድርጋችሁ በመዳፍ ወደ ፊት አሽከርክሩት። 3 ሴንቲ ሜትር ሲቀር አዲስ ጥብጣብ ውስጡ አስገቡና አብራችሁ አክርሩ። ቋጠሮ የለም።

አንድ ነጠላ ፈትል ከለቀቃችሁት ይፈታል። ስለዚህ ሁለት ፈትል ያስፈልጋል። ሁለቱንም ወደ ቀኝ አክርሯቸው። ከዚያ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንድ ላይ ወደ ግራ ጠምዝዟቸው። አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላውን ያጠብቀዋል፤ ገመድ የሚቆመው በዚህ ጠብ ነው። ይህን በቃል ማስረዳት አይቻልም። በእጅ አሳዩ። ደግሞም ሳይገባው የቀረ ልጅ ካለ ለገባው ልጅ ስጡት፤ ልጅ ለልጅ ሲያስረዳ የሚጠቀመው ቋንቋ ከእኛ ይሻላል።

አንድ ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ 1 ሜትር ገመድ ቢያወጣ ጎበዝ ነው። ስለዚህ አራት ልጆችን አንድ ቡድን አድርጉ። የእርጎ ኩባያ ውሰዱና ጎኑን ከአፉ እስከ ታች 9 ቦታ ሰንጥቁት፤ ሥሩ እንዳይነካ። ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት። 8 ካደረጋችሁት ገመዱ በሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን መንገድ ይደግመዋል፣ ሽመናም አይሆንም። ይህን ግን አትንገሯቸው። አንዱን ቡድን በ8 አሠሩትና ራሳቸው ይድረሱበት። እንዲህ ያለውን ሒሳብ ፈተና ላይ አይረሱትም።

ከዚያ ገመዱን አንዱን በፊት፣ አንዱን በኋላ እያደረጉ ማሾለክ ነው። የኩባያው ዙሪያ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ የአራቱ ልጆች 4 ሜትር ገመድ ሃያ ዙር ይሄዳል። ሲያልቅ የኩባያውን ጫፎች ወደ ውስጥ አጥፉና ከላይ ውሃ የተቀላቀለ ኮላ ቀቡት። ሲደርቅ እርሳስ መያዣ ይሆናል። ማን ቤት እንደሚሄድ ግን ቀድማችሁ ተስማሙ። እኔ ቀድሜ ባለመስማማቴ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ጽሑፉ አያልቅም።

አምስቱ ቀለማት፣ ሐይቁስ ምን ቀለም ነው?

ለቀለም ትምህርት ኮሪያውያን ኦባንግሴክ የሚሉትን ተጠቀሙ፤ የአምስቱ አቅጣጫዎች ቀለም ማለት ነው። ምሥራቅ ሰማያዊ፣ ምዕራብ ነጭ፣ ደቡብ ቀይ፣ ሰሜን ጥቁር፣ መሃል ቢጫ። በቀድሞ ልብሳቸውና በቤተ መንግሥት ጣሪያቸው ላይ ሳይቀር ይታያል።

ልጆቹን ወደ ሜዳ አውጡና በአምስት ቡድን አቁሟቸው። የሰሜን ቡድን ፊቱን ወደ ጣና ያዞራል፤ ባሕር ዳር የሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ላይ ናትና። ጭቅጭቁ እዚህ ይነሳል። «ሐይቁ እንዴት ጥቁር ይሆናል? ሰማያዊ ነው!» አንዷ ደግሞ «በክረምት ቡናማ ነው» ትላለች፤ ልክ ናት፣ ወንዞቹ አፈር ይዘው ይገባሉ። እኔ የሚደንቀኝ ሌላ ነው። በእነሱ አሰላለፍ ሰሜን የውሃ አቅጣጫ ነው። እኛም ሰሜናችን ውሃ። አጋጣሚ ነው፣ ግን ለልጆች ስትነግሩት ዓይናቸው ይበራል።

ሥራው፦ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሰፈር አምስት አቅጣጫ በአምስት ቀለም ይሳል። በምሥራቅ የዓባይ ድልድይ፣ በመሃል የራሱ ቤት፣ ሌላውን እሱ ያውቃል። ገበያን በቀይ የሳለ ልጅ ነበረኝ። «ለምን ቀይ?» ስለው «በርበሬ» አለኝ። ከዚህ በላይ ምን እጠይቀዋለሁ?

ጆጋክቦ፦ ቁራጭ በቁራጭ

ይህንን አሳጥሬ ልለፈው፤ መስፋት የሚችል ሰው ቶሎ ይገባዋል። ጆጋክቦ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሰፋ መጠቅለያ ነው። ምግብ ይሸፈንበታል፣ ስጦታ ይጠቀለልበታል። የሚሰፉት ሴቶች በእያንዳንዱ ስፌት ለቤተሰቡ ዕድሜና በረከት ይመኙ ነበር ይባላል።

አንደኛና ሁለተኛ ክፍል መርፌ አይንኩ። ጨርቁን ካርቶን ላይ በዱቄት ሙጫ ይለጥፉ። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል በደማቅ ክር ወፍራም ስፌት ይለማመዱ። አምስተኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ዘጠኝ ካሬ ይቁረጡ፣ እያንዳንዱ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር። 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ትተው ሦስት ሦስቱን ያጋጥሙ፤ ከዚያ ሦስቱን ረድፎች ያጋጥሙ። ሲያልቅ 26 በ26 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከመስፋታቸው በፊት ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ቦታ ያቀያይሩ። የጥበቡ ሥራ ያለው እዚያ ላይ ነው። ወንዶቹ «ይህ የሴት ሥራ ነው» ካሉ የከተማችንን ልብስ ሰፊዎች ጾታ እንዲቆጥሩ የቤት ሥራ ስጧቸው።

መርፌ ስትሰጡ ቆጥራችሁ፣ ስትቀበሉም ቆጥራችሁ።

ጭምብል

የኮሪያ ጭምብል ታል ይባላል። ስመ ጥሮቹ አንዶንግ አጠገብ ያለው የሃሁዌ መንደር የእንጨት ጭምብሎች ናቸው። ሌሎች አካባቢዎች በወረቀትና በቅል ይሠሩ ነበር። በጭምብል ጨዋታው ገበሬው ባላባቱን ፊት ለፊት ይቀልድበታል፤ ፊቱ ተሸፍኗላ። የባላባቱ ጭምብል አገጩ ተለይቶ በክር የታሰረ ነው። ተዋናዩ ቀና ሲል ይስቃል፣ ሲያቀረቅር ይኮሳተራል።

አገጭ የሌለው ጭምብልም አለ፤ ኢሜ ይባላል። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል። ቀራጩ ወጣት ሥራውን እስኪጨርስ ማንም እንዳያየው ታዝዞ ነበር። የምትወደው ልጅ ናፍቆቱ በዛባትና ሾልካ አየችው። እሱም ደም ተፍቶ ሞተ፤ የመጨረሻው ጭምብል ሳይጨረስ ቀረ። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ከመጀመራችሁ በፊት ፊት ማየት ይማሩ። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ልጅ ካለ ጠይቁት፦ የቅዱሳን ዓይን ስንት ነው? ሁለት። የክፉዎቹስ? አንድ፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ነው የሚሳሉት። የእኛ ሠዓሊዎች የሰውን ባሕርይ በዓይን ቁጥር ነገሩን፤ የሃሁዌ ቀራጮች ደግሞ በአገጭ። «እናንተስ በምን ትነግሩናላችሁ?» አንዳንድ ወላጅ ጭምብል ሲሰማ ቅር ሊለው ይችላል። ጨዋታ መሆኑን ቀድማችሁ አስረዱ፤ የቅዱሳን መልክም በጭምብል እንዳይሠራ።

ልጁ መጀመሪያ ሰው ይምረጥ፦ ስስታም ነጋዴ፣ ተኝቶ የሚውል ዘበኛ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ። እውነተኛ ጎረቤት ግን አይሆንም። ከዚያ፦

1. ካርቶን ላይ የፊት ያህል ጭቃ ይከምር። ግንባር፣ አፍንጫ፣ ጉንጭ ያውጣ። የተጋነነ ይሁን፤ ወረቀቱ ሲለብሰው ይለዝባል።

2. ጭቃውን በስስ ፌስታል ይሸፍን፤ በየጉድጓዱ በጣት ይጫነው።

3. የተቀደደ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እየነከረ አንድ ዙር ይለጥፍ። ሁለተኛው ዙር ነጭ የደብተር ወረቀት ይሁን፣ ሦስተኛው ጋዜጣ፣ አራተኛው ነጭ። ቀለሙ ስለሚለያይ ያልተሸፈነ ቦታ ወዲያው ይታያል።

4. አንድ ቀን ጥላ ላይ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። መጀመሪያውኑ ፀሐይ ካሳያችሁት ይጣመማል። ሐምሌና ነሐሴ ይህን ትምህርት አትሞክሩት።

5. ጭቃውን ፈልቅቆ ያውጣ፣ ዓይንና አፍ ይቆረጥ። የሚፈልግ ልጅ አገጩን ቆርጦ በክር ይሰር። ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ የእሱ ውሳኔ ነው።

6. ቀለም። ከኦባንግሴክ ሦስቱን ብቻ ይምረጥ። አምስቱንም ካላችሁ ሁሉም አምስቱንም ይቀባል፤ ውጤቱም ጭቃ ይመስላል።

ሲጨርሱ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት ገና። አድርገውት ይናገሩ። በክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ከጭምብል ጀርባ ሲጮህ ስታዩ ይህን ሁሉ ጭቃ ለምን እንደጠረጋችሁ ይገባችኋል።

ለማስቀመጥ፦ የዱቄት ሙጫ አይጥ ይወዳል። ካቢኔ ውስጥ የከተትኳቸው ጭምብሎች ከዕረፍት ስንመለስ አፍንጫ አልነበራቸውም። ሲባጎ ወጥራችሁ ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ አንጠልጥሏቸው።